ለመከታ የወረወርኩት ሳንባ

ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ይህን የማስቀድመው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ «ምስኪን፣ አያውቅም ነበር» እንዳትሉልኝ ነው። ከጾም ቀን በቀር የከብት ጉበትና ሳንባ ሳላገላብጥ የዋልኩበት ቀን የለም። ውሃ የቋጠረውን በጣቴ ዳብሼ፣ በቢላዬ ቆርጬ ስጥል ነው የኖርኩት። ያ ነገር አንድ ቀን የራሴ ጉበት ላይ ተቀምጦ እንደሚገኝ ያስጠነቀቀኝ ቢኖር አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ስቄበታለሁ።

የምጽፈው ውሻ ለምትወዱ፣ በተለይ እንደ እኔ ልኳንዳ ቤት ለምትውሉ ነው። መጀመሪያው ቀልድ ይመስላል። ታገሱኝ።

አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ እህቴ ቤቷንም ሱቋንም አጣች። ጥቂት ወራት እኛ ዘንድ ቆይታ፣ ልጇን መቅደስን ለእኔና ለባለቤቴ ለአስካለ ትታ ዓረብ አገር ለሥራ ሄደች። መቅደስ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአጣዬ ስትመጣ ሹራቧ ውስጥ አንድ ቡኒ ቡችላ ደብቃ ነበር፤ ስሙ መከታ ነው አለች፣ እንዳትነኩብኝ አለች፣ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ሌላ ቃል አልወጣትም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ ቃል ግን የለም። ጎረቤቱ «ልጅቷ ተለክፋለች» አለ። አስካለ ጠበል አመላለሰቻት። እኔ ደግሞ ከሰው ጋር በጨዋታ እንጂ በዝምታ መኖር የማልችል ሰው ነኝ፤ ቤቴ መግባት አስጠላኝ።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ልኳንዳ ይዘጋል፤ ሥጋ ቆራጭም ያኔ ከሥራ ፈት ሁሉ የባሰ ሥራ ፈት ነው። ግቢያችን ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ሙቀቱ ራሴን ሲበጠብጠኝ፣ ቡችላውን ቁራሽ ዳቦ አሳየሁትና «ቁጭ» አልኩት። ወገቡን ጫን አደረግሁለት፤ ቁጭ አለ፤ ዳቦውን ሰጠሁት። ደገምኩት። በአራተኛው ቀን ሳልነካው ቁጭ ሲል ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። መቅደስ ናት። በማግስቱ ዳቦውን ከእጄ ተቀብላ፣ እንደ አስተማሪ ጣቷን ቀስራ፣ «ቁጭ!» አለችው። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው። አስካለ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ አፏን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ እኔን ውሻ ከማስተማር ማን ያስቆመኛል!

አስተማርነው። «ሰላም በል» ስንለው እግሩን ይሰጣል። «ሙት» ስንለው በጀርባው ተንጋሎ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፤ መቅደስም ከጎኑ ተንጋላ አብራው ትሞታለች። የምትኮራበት ትምህርት ግን የራሷ ፈጠራ ነበር። ምግቡን ከፊት እግሮቹ መሀል ታስቀምጥለትና ትሄዳለች፤ ልብሷን ቀይራ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ተመልሳ እስክትመጣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ ይጠብቃታል፤ «ብላ» ካላለችው አይነካም። ያውም የሚሰማው የእሷንና የእኔን ድምፅ ብቻ ነው። አስካለ ብትለው ዞሮ እኛን ያያል። ጎረቤት ቢለው ጭራሽ አይሰማም። መቅደስ ለሰው ሁሉ «ብላ ሳንለው አይበላም እኮ» እያለች ታወራ ነበር፤ እሱን ለማስረዳት ስትል ነው አፏ የተፈታው።

ፋሲካ ሲፈታ ልኳንዳው ተከፈተ፤ ዳቦው ቀረና ሽልማቱ ሥጋ ሆነ። ጥሩ ሥጋ ለውሻ አይሰጥም መቼም። የምሰጠው ደንበኛ የማይወስደውን ነው፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ፣ እንደ ፊኛ የተወጠረ ነገር የበቀለበት ጉበት። የተወጠረውን ቆርጬ «ብላ» እያልኩ ወደ ላይ ስወረውር መከታ ዘሎ በአየር ላይ ይቀልበዋል። ደንበኞቼ ቢላዬን ትተው እሱን ነበር የሚያዩት። አንዳንዴ ደግሞ ትንሽ ቁራጭ በከንፈሬ ይዤ ጎንበስ ስል፣ ጥርሱ ሳይነካኝ በምላሱ ቀስ አድርጎ ይወስዳታል። አቤት ጭብጨባው! መቅደስም በዳቦ ትሞክረው ነበር። እያየሁ ነው።

ከልኳንዳዬ አጠገብ ማሾ የሚነግደው ሙሔ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እሱ ነው ያስጠነቀቀኝ። መከታ ከንፈሬን ሲልሰኝ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ትቶ እንዲህ አለኝ፦ «ታደሰ፣ እኛ ዘንድ ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። አንተ ከንፈርህን ስንት ጊዜ ነው የምትታጠበው?»

«እኔ ዕቃ ነኝ?» ብዬ አሳቅሁበት። የሃይማኖታችሁን ለእናንተ፣ የኔን ለኔ ማለቴ ነበር። ስለ ጤና ይሆናል ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሕመምም አልነበረም፤ ከቀኝ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር የተወሸቀብኝ ዓይነት ክብደት ነው። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ይገፋኛል። ጥቂት ስበላ እጠግባለሁ። ከዚያ ትኩሳት ነካ ያደርገኝ ጀመር። ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደሜን አይተው ታይፎይድ አሉኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ክብደቱ እዚያው ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ቆላ አይደል፣ ወባ አሉኝ። ያንንም ዋጥኩ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው፣ በርበሬና ቡና ተው አለኝ። ተውኩ። ሥጋ ቆራጭ አልጫ ሲበላ እያዩ የሳቁብኝን አልረሳም።

ዓይኔ ቢጫ መሆን ሲጀምር አስካለ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ደነገጠች። ይህ በሽታ እኛ አገር መርፌ አይወድም ይባላል። የባህል መድኃኒት የሚያውቁ አንዲት እናት ዘንድ ወሰደችኝ፤ መራራ ነገር አጠጡኝ፣ ክንዴንም ተኮሱኝ። የተኮሱኝ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፤ ምንም አልጠቀመኝም፣ ሦስት ወር ግን አሳለፈብኝ። አልወቅሳቸውም፤ እሳቸው የሚያውቁትን አደረጉ፣ እኔ የማውቀውን ደበቅሁ። ጉበት ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ጎን ስዳብስ ምን እንደሚመስል ሳይገባኝ ቀርቶ ይመስላችኋል? ገብቶኝ ነበር። በአፌ ልለው ግን ፈራሁ።

ሰው ሌሊት ይፈራል ይላሉ። እኔ የምፈራው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሸዋ ሮቢት በሰባት ሰዓት ባጃጁ ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲቆም፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ልኳንዳው ውስጥ ዝንብ ብቻ ሲቀር፣ እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ «ከዚህ የምተርፍ አይመስለኝም» እል ነበር። መቅደስ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፈገግ እላለሁ። እናቷ ባሕር ማዶ፣ አባት የላት፤ እኔ ከሞትኩ ተመልሳ ዝም የምትል እየመሰለኝ ነበር የምጨነቀው።

አንድ ቀን ግማሽ በግ ተሸክሜ ስዞር ጎኔን ከበሩ ጋር አጋጨሁት። ወዲያው ሰውነቴ በሙሉ ሽፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ወደቅሁ። ያነሳኝ ሙሔ ነው። ባጃጅ ውስጥ ደግፎ እንደያዘኝ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ሲል ይሰማኛል። ሆስፒታል አድርሶኝ በመርፌ መለሱኝ። በማግስቱ በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ፣ መሣሪያውን የያዘው ልጅ ሆዴ ላይ አንድ ቦታ ደጋግሞ ተመላለሰና ሌላ ሰው ጠራ። ጉበቴ ላይ ትልቅ ብርቱካን የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ከዚያ ሾልኮ ነው ያንን ሁሉ ያመጣብኝ፤ ቢፈነዳ ኖሮ እኔም አልጽፍላችሁም ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉልኝ።

ወረፋውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሁለት ወር ተኩል በቀጠሮ ተመላለስኩ። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ የካርድ ስም የሚጠሩ አንዲት ሴት፣ ሁሉም የየራሱን የራጅ ፎቶ በትልቅ ፖስታ ታቅፎ። ስሜ ሲያልፈኝ የገዛ ሞቴ የተላለፈልኝ መስሎኝ ደስ የሚለኝ ቀን ነበር፤ እንዲህ ያደርጋል ፍርሃት። አንድ ቀን ከአሊዩ አምባ የመጡ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ቀና ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ሲያዩ ነጠላቸውን ጠቅልለው ከጎኔ ደገፉልኝ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ተነስተው «እሱ ይቅደም፣ እኔ እደርሳለሁ» አሉ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ያን ቀን ነው አልጋ የተገኘልኝ።

የቀዶ ጥገናዋ ሐኪም ወጣት ናት። ከማስተኛቷ በፊት ሥራዎ ምንድን ነው አለችኝ። ሥጋ ቆራጭ ስላት ቤት ውስጥ ውሻ አለ ወይ፣ ምን ይበላል አለችኝ። ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ለተማሪ እንደሚነገር ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። ያ ውሃ የቋጠረው ነገር የትል መኖሪያ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻውን አያሳምመውም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩና አፉ ላይ ይጣበቃል። ሰው ይነካዋል፣ ይውጠዋል፤ በዓመታት ውስጥ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ከብቱም የሚይዘው በሣሩ በኩል እንደዚያው ነው። ቤት ያሉት ሁሉ መታየት አለባቸው አለችኝ። ይህን ስትል እኔ የማየው መቅደስን ነው፣ ዳቦ በከንፈሯ ይዛ ጎንበስ ስትል።

ከረጢቱን ሳይፈነዳ አወጡልኝ። ለወራት የምውጠው ኪኒን ተሰጠኝ፤ ያው ለሆድ ትል የምናውቀው ዓይነት ነው፣ መጠኑና ጊዜው ግን ይለያል። ስለዚህ ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ። ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ «እንኳን ማረህ» ሲለኝ እኔ ልቤ ሌላ ጋ ነው። በሳምንቱ መቅደስን ወሰድናት። አልጋው ላይ ተኚ ሲሏት፣ እንደ መከታ እጅና እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ወደ እኔ አየች፤ ልታስቀኝ ነው። አልሳቅሁም። ምንም አልታየባትም፤ በዓመቱ ደግሞ ትታይ አሉን። አስካለ እዚያው መሬት ሳመች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን እጅ መታጠብ ሆነ። መቅደስ ውሻውን ነክታ፣ ከውጭ ገብታ፣ ልትበላ ስትል፣ «ሳሙና!» እላታለሁ። ጣቷን መሀል ለመሀል እያሸሁ አስተማርኳት። ትምህርት ፈጥኖ የሚገባት ልጅ ናት።

አስካለ ግን በሳሙና አልተመለሰችም። እኔን ስታስታምም ከሲታ ሆናለች፣ እንቅልፍ አታውቅም። «ውሻው ይውጣልኝ፤ አለዚያ ልጅቷን ይዤ ወላጆቼ ቤት እገባለሁ» አለች። ተከራከርኩ፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ እሺ አልኩ። ለአንድ ገበሬ፣ ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት ለሚያለማ ሰው ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ገመዱን በጥሶ፣ በጭቃ ተለውሶ መጣ። መቅደስ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ፊቷን ጸጉሩ ውስጥ ቀበረች። አስካለ አየችኝና ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች።

እንግዲህ አሁን የምጽፈውን ከንስሐ አባቴ፣ ከሙሔና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መርዝ አገኘሁ። መቅደስ ትምህርት ቤት፣ አስካለ ገበያ ሳለች፣ ቀን በሰባት ሰዓት፣ መርዙን ጥሩ ሥጋ፣ ለውሻ ሰጥቼ በማላውቀው ሽንጥ ላይ አድርጌ ኒሙ ሥር አኖርኩለት። ፊቴን አዙሬ ቤት ገባሁ። አላለቀስኩም፤ በራሴ ሕመም ተናድጄ ነበር፤ ጎኔ ላይ ያለው ስፌት ያሳክከኝ ነበር።

ቆይቼ ስወጣ መከታ ቁጭ ብሏል። ሥጋው ከፊት እግሮቹ መሀል እንዳለ ነው። ለሃጩ መሬቱን አርሶታል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ለካ ረስቼው ነበር። ይህን ሁሉ ሳቅድ፣ ሥጋውን ስመርጥ፣ ሰዓቱን ሳሰላ፣ ያንን ነገር ረስቼው ነበር። ዝንቦቹ ሥጋውን ከበቡት፤ እሱ አልነካውም። ሥጋውን አንስቼ ልጥለው እጄን ዘረጋሁ፤ የአስካለ ሻንጣ ታየኝ፤ እጄን መለስኩ። እሱ ጅራቱን መሬት ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

«ብላ» አልኩት።

ለመቅደስ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ለባዘኑ ውሾች በጣሉት መርዝ ነው የሞተው ብዬ ነገርኳት። ያደርጉታል ተብሎ ይወራ ስለነበር ሰው ሁሉ አመነ። አላለቀሰችም። ዝም አለች፤ ያ የማውቀው ዝምታ ተመልሶ መጣ። ሙሔ ስነግረው ማሾ የሚሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠና «ምራቁን ሽሽ አልኩህ እንጂ ነፍሱን አጥፋ አልኩህ?» አለኝ። ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኝ።

በወሩ ቀጠሮዬ ደርሶ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጉበቴ ንጹሕ ነው፤ ሐኪሟም ደስ ብሏታል። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ውሻውን አስወገድኩት አልኳት። እንዴት አለችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን ቆለፈች። ከዚያ ለውሻው በየጊዜው የሚሰጥ ኪኒን ከእንስሳት ሐኪም እንደሚገኝ፣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ከተከለከለ፣ ውሃ የቋጠረውም ከተቀበረ ወይም ከተቀቀለ፣ እጅም በሳሙና ከታጠበ፣ ከነውሻችን መኖር እንችል እንደነበር ነገረችኝ። ባለፈው ከሆስፒታል ስወጣ ይህን እንድጠይቃት ስትጠብቅ፣ እኔ ተነስቼ ወጥቼ ነበር። እናንተ ጠይቁ። ለዚህ ነው የምጽፈው፤ የሰማችሁትን ግማሽ ይዛችሁ ከሐኪም ፊት አትነሱ።

ማታውኑ ሮቢት ገባሁ። መቅደስ ኒሙ ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩት፤ አልከለከለችኝም። ሐኪሟ ድነሃል አለችኝ አልኳት። ከዚያ፣ ወር ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ መጣ።

«ጋሼ፣ መከታ እኮ ብላ ሳንለው አይበላም።»

አስካለ በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

«እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለች መቅደስ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳት።

እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች። ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሳሙናውን አነሳችና፣ እንዳስተማርኳት፣ ጣቶቿን መሀል ለመሀል እያሸች ታጠበች። አለቀለቀችው። ከዚያ ሳሙናውን እንደገና አነሳች።